ዳቦ አቡኪ የሚል የድሮ ቃል

ባለፈው የብርድ ወራት እዚህ ረሆቮት፣ ኩፓት ሆሊም የሚባለው የጤና ጣቢያ ሐኪም ደረቴን አዳመጠችና፣ «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለችኝ። ዳቦ ቤት እንደማቦካ ነገርኳት። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። «እንግዲህ ሳንባሽና ዱቄት መፋታት አለባቸው» አለች። እንዳልደነግጥ ብላ በቀልድ መልክ ነበር የተናገረችው። እኔ ግን ወደ ቤት የሚወስደኝ አውቶቡስ ሲመጣ አልተሳፈርኩም። ፌርማታው ላይ ተቀምጬ፣ እጆቼን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየኋቸው።

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ሽበት ያበቀሉ፣ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ገና ወጣት ነኝ። የተማርኩትም ጎንደር፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ አባቴ ሲታመም አቆምኩ። ቢሆንም አንድ ሥራ አልቆብኛል፤ ያለቀን ሥራ ደግሞ ሰው ወጣትም ቢሆን ዞር ብሎ ያየዋል። የምጽፈው ስለዚያ ዳቦ ቤት፣ ሥራውን ስላስተማሩኝ ሴት፣ ከሁሉም ይልቅ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ስለነገሩኝ አንድ የድሮ ቃል ነው። ያን ቃል ባልሰማ ኖሮ፣ ከዱቄቱ ስለይ ከእኔ የሚተርፍ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ወደዚህ አገር እንደመጣን መጀመሪያ የተቀጠርኩት ነስ ጺዮና በሚባለው ከተማ፣ ፋብሪካ ለማጽዳት ነበር። አለቃችን ስሜ ትርንጎ መሆኑን መያዝ አቅቶት «ዝምተኛዋ» ይለኝ ነበር። አልተሳሳተም። ኡልፓን የሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቼ ዕብራይስጥ ስማር እንኳ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላነሳም፤ ድምፄ ወጥቶ የሰው ሁሉ ፊት ወደ እኔ ሲዞር ከማይ፣ አላውቅም ብዬ መቀመጥን እመርጥ ነበር። ደሞዙ እንደ ማንኛውም የጽዳት ደሞዝ ነው። እኔን የከፋኝ ሌላ ነበር፤ ዛሬ ያጸዳሁት ወለል ነገም ያው ሆኖ ይጠብቀኛል። የእጄ ሥራ አንድም ቀን ሲያድግ አላየሁም።

በኋላ ጎረቤታችን፣ «ሻዓራይም ሰፈር ውስጥ አንዲት የመናዊት ትሪ የሚያጥብላቸው ሰው ይፈልጋሉ» አለችኝና ሄድኩ። ዳቦ ቤቱ ዝቅ ያለ የድሮ ቤት ነው፤ ከጎኑ ትንሽ ምኩራብ አለ። ስደርስ ገና እየነጋጋ ነበር። በመስኮቱ የገባው ብርሃን በዱቄት ብናኝ ውስጥ ተንሳፎ ቆሟል፤ በብርሃኑ መካከል አንዲት አጭር ሴት ዓይናቸውን ጨፍነው ያቦካሉ። ተኝተው የሚያቦኩ መሰለኝ። እንዳልቀሰቅሳቸው በሩ ላይ ቆምኩ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ብርድ ይዘሽብኝ ገባሽ፤ በሩን ዝጊው፣ ሊጡ ይበርደዋል» አሉኝ።

እማማ ሳዕዳ ማለት እኚህ ናቸው። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው በመርፌ ቁልፍ ሻሻቸው ላይ ይሰኩታል። እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ዱቄቱን ከፍ አድርገው ነው የሚያፈሱት፤ «አየር ይጠጣ፣ ጆንያ ውስጥ ተኝቶ ነው የመጣው» ይላሉ። ተቆጥቶ የመጣን ሰው ሊጥ አያስነኩም። ምራታቸው ኦርሊ፣ ገንዘብ ተቀባያችን፣ አንድ ቀን ከባሏ ተጣልታ መጥታ ልታግዝ እጇን ስትዘረጋ፣ «መጀመሪያ ትሪ እጠቢ፤ ትሪው ስድብሽን ይችለዋል» አሏት።

እኔን ያስተማሩኝ በቃል አይደለም፤ እጃቸውን እጄ ላይ ጭነው ነው። ሊጥ በጣት አይገፋም፣ በመዳፍ ግርጌ ነው። ይገፉታል፣ ያጥፉታል፣ ሩብ ያዞሩታል፣ እንደገና ይገፉታል። መጀመሪያ ይጣበቃል፤ ያኔ ዱቄት ለመጨመር የሚቸኩል ሰው ዳቦውን ድንጋይ ያደርገዋል። ከታገሡት ራሱ እጅን ይለቃል። ትንሽ ቆርጠው በሁለት እጅ ሲወጥሩት ሳይበጠስ እየሳሳ ይሄድና ብርሃን ያሳልፋል። መጀመሪያ የተሳካልኝ ቀን ወጥሬ ወደ መስኮቱ አነሣሁት። መንገዱ፣ ዛፉ፣ የሚያልፈው ሰው ሁሉ በሊጡ ውስጥ ወተት ውስጥ እንዳለ ነገር ይታየኝ ነበር። እማማ ሳዕዳ፣ «ቢንቲ፣ አትዪው፣ ጋግሪው» ብለው አባነኑኝ። ቢንቲ በእሳቸው ዓረብኛ ልጄ ማለት ነው።

ምድጃው አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ወንበር ነበር። የወይዘሮ ዶሮቲ ነው። እናቴ ስማቸውን ስትሰማ፣ «ዶሮ ብሎ ስም» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ከእንግሊዝ የመጡት በወጣትነታቸው፣ እዚህ ረሆቮት ዕፅዋት የሚመረምር ሰው አግብተው ነው። ባላቸው ሞተው እሳቸው ቀሩ። አይሁድ አልሆኑም፤ «እንዲሁ እንዳለሁ ወደደኝ፤ ለማን ብዬ ልለወጥ?» ይላሉ። ዕብራይስጣቸው ዝግ ያለ ነው፤ አንዱን ቃል አስቀምጠው ሌላውን ያነሣሉ። እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ሳልጨነቅ የሰማኋቸው የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ናቸው።

ሁለቱ ሴቶች አንድ የቆየ ልማድ ነበራቸው። የዳቦ ቤቱ እርሾ በአንድ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ይኖራል። የእማማ ሳዕዳ እናት ከየመን ሲወጡ በጨርቅ ላይ አድርቀው ያመጡት ነው ይባላል። ፋሲካ ሲመጣ ሐሜጽ፣ ማለትም እርሾ የነካው ሁሉ፣ ከአይሁድ ቤት ይወጣል። እናታቸው በየመን እርሾውን ለእስላም ጎረቤት ሰጥተው በዓሉ ሲያልፍ ይቀበሉ ነበር። እማማ ሳዕዳ ደግሞ ለወይዘሮ ዶሮቲ ይሰጣሉ። ወይዘሮዋ ማሰሮውን ቤታቸው ወስደው ዱቄትና ውሃ እየመገቡ ያቆዩና ይመልሳሉ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው።

የመጀመሪያዬ ፋሲካ ሊገባ ሲል እማማ ሳዕዳን ወገባቸው ጣላቸው። ከቤታቸው ደውለው፣ «ሐሜጹን አንድ ሳታስቀሪ አውጪ። ጠዋት ዶሮቲ ትመጣለች» አሉኝ። «ቤሰደር» አልኩ፤ እሺ ማለት ነው። ወይዘሮ ዶሮቲ ለምን እንደሚመጡ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ያኔ ለእኔ እንደ መጮህ ነበር።

ምድጃውን ፋቅሁ፣ መደርደሪያውን አጠብኩ፣ ጆንያዎቹን አራገፍኩ። ከዚያ ማሰሮዋ ቀረች። በእኛ በጎንደር አይሁድ ቤት እርሾ ያደረበት ሸክላ ፋሲካን አይሻገርም፤ ይሰበርና አዲስ ይገባል። እናቴ ጎንደር ሆና፣ ሌላ ማሰሮ የምትገዛበት እንኳ ሳይኖራት፣ ደጅ አውጥታ ስትሰብር አይቻለሁ። እኔም ማሰሮዋን በሁለት እጄ አቅፌ ወደ ጓሮ ወጣሁ። በዚያ ወቅት የረሆቮት አየር የብርቱካን አበባ ይሸታል፤ ሰው ሲተነፍስ ራሱ የሚሰክር ይመስለዋል። እናቴ እንደምትለው፣ «አሮጌው ይውጣ፣ አዲሱ ይግባ» ብዬ ድንጋይ ላይ ሰበርኳት። የፈሰሰውንም በብዙ ውሃ አጠብኩት። ሳይነግሩኝ የማውቀው አንድ ነገር በመኖሩ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጠዋት ወይዘሮ ዶሮቲ በውስጡ ሱፍ የተነጠፈበት ዘንቢል ይዘው መጡ። «እንግዳዬ ተዘጋጅታለች?» አሉኝ። አልገባኝም። ማሰሮዋ የምትቀመጥበትን ባዶ ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። ያኔ ገባኝ። ወደ ጓሮ ወስጄ ስባሪውን አሳየኋቸው። በዝግታ ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡና እጄ ላይ አስቀመጡት። «አንቺ ነሽ መንገር ያለብሽ» አሉ። «እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

እማማ ሳዕዳ አልጋቸው ላይ ሆነው ስባሪውን አሸተቱት።

«የእናቴ እጅ ነበረበት» አሉ። ስባሪውን ወደ እኔ መልሰውም፣ «ለምን?» አሉኝ።

«እኛ ዘንድ ለፋሲካ ይሰበራል።»

«ማሰሮውም?»

«ማሰሮውም።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ።»

«ታዲያ ከበዓሉ በኋላ እርሾ ከየት ታመጣላችሁ?»

«ከምንም። ከዱቄትና ከውሃ እንደገና ይጀመራል።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እንግዲያው ጀምሪ። በፓኬት እርሾ ዳቦ ቤቴን አልከፍትም። ካልሆነልሽ ተዘግቶ ይቀራል። አሁን ሂጂ፤ ዛሬ ፊትሽን ማየት አልችልም።»

በዓሉ አለፈ። ከሻዓራይም ሰው አዲስ ማሰሮ ገዝቼ ዱቄትና ውሃ በጠበጥኩ፣ በጨርቅ ሸፈንኩ፣ ምድጃው ጎን አስቀመጥኩ። እናቴ፣ «አትነካኪው፣ እርሾ እንደ ሙሽራ ነው፣ ሲያዩት ያፍራል» አለችኝ። መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ አረፋ አወጣ፤ ተሳካ ብዬ ስደሰት ሸተተ፣ ከዚያ ጭራሽ ተኛ። ደንበኞች በሩን እያንኳኩ ይመለሳሉ። ኦርሊ ገንዘብ መቀበያዋ ኋላ ተቀምጣ፣ «ሰፈሩ ሁሉ ከሱፐርማርኬት እየገዛ ነው፤ አንቺ ጭቃ ታስታምሚያለሽ» ትለኛለች። እማማ ሳዕዳ በከዘራ እየመጡ ማሰሮውን ገለጥ ያደርጉና መልሰው ይከድኑታል። እኔም ዳቦ ቤቱ በእኔ እጅ ሞተ እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

ወይዘሮ ዶሮቲ ቃሉን የነገሩን በእነዚያ የመጠበቅ ቀናት በአንዱ ነው። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ ሁላችንም ማሰሮዋን እናያለን። ሊያጫውቱን ብለው ይመስለኛል።

«ወጣት ሳለሁ የማስተምረው የአገሬን ሰዎች የድሮ አነጋገር ነበር» አሉ። «ሺህ ዓመት አልፎታል። ያኔ ዳቦን ህላፍ ይሉታል። የቤቱን ጌታ ምን ይሉታል? ህላፍወርድ፤ ዳቦ ጠባቂ። የቤቱን እመቤት ደግሞ ህላፍዲየ፤ ዳቦ አቡኪ። በቤቱ የሚያድረውን ሎሌ ህላፌታ ይሉታል፤ ዳቦ በሊታ።»

«ጠባቂው ወንዱ ነው?» አሉ እማማ ሳዕዳ።

«ወንዱ ነው።»

«አቡኪዋ ሴቷ?»

«ሴቷ።»

እማማ ሳዕዳ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማሽ? እሱ በር ላይ ይቆማል፣ የእሷ ወገብ ይቆረጣል። እንግሊዝም የመን ነው።»

ኦርሊ ከወዲያ፣ «በሊታዎቹ እዚህ ሻዓራይምም ሞልተዋል» አለች። ማሰሮዋ ከተሰበረች ወዲህ ሁላችንም አንድ ላይ የሳቅነው ያኔ ነው።

ወይዘሮ ዶሮቲ ቀጠሉ። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እንደ ወንዝ ድንጋይ እየተላገ አጠረ። የወንዱ ሎርድ ሆነ፣ የሴቷ ሌዲ። ሎሌው ስሙ ጠፋ። ዛሬ አገራቸው ሄዶ በእነዚህ ቃላት ውስጥ ዳቦ አለ የሚል ሰው ይሳቅበታል።

«እውነት እመቤቷ ራሷ ታቦካ ነበር?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

እሳቸው ግን ሰሙኝ። «ቃሉ ሲወለድ ቆሞ የጻፈ ሰው የለም። ሊቃውንት ሲፈቱት የሚያገኙት ይህንን ነው። ሊጥ የሚለው ቃላቸውና አቡኪ የሚለው ከአንድ ሥር ናቸው። አንዲትን ሴት በከንቱ እንደዚያ ብለው የሚጠሯት ግን አይመስለኝም።»

ያን ቀን ስለ እናቴ እያሰብኩ ወደ ቤት ሄድኩ። ጎንደር ሆነን ወደዚህ የምንመጣበትን ቀን ስንጠብቅ እናቴ በአንድ ሀብታም ቤት ሊጥ ታቦካ ነበር። ቤቱ ውስጥ እመቤት የምትባለው ሌላ ነበረች፤ እናቴ ስትገባም ስትወጣም አንገቷን ትደፋላታለች። በእኛ ቋንቋ እመቤት የቤት እናት ማለት ነው፤ ቤት አለበት እንጂ ሊጥ የለበትም። ለእኔ የምታቦካዋና እመቤቲቱ ሁልጊዜ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ማታ ለእናቴ ቃሉን ነገርኳት። እሷም፣ «እንደዚያ ከሆነማ እኔ ስንቱን ቤት ገዝቻለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሳቦካ ዓይኔን እጨፍን ጀመር። የምትታየኝ አንዲት ሴት ናት። አገሯ ጭጋግ ነው፤ ዝናቡ በሣር ክዳኑ ላይ ይወርዳል። እጅጌዋን ሰብስባ በእንጨት ገበታ ላይ ትገፋለች፣ ታጥፋለች፣ ሩብ ታዞራለች። ሰዎች ከውጭ በሥራዋ ይጠሯታል፣ እሷም አቤት ትላለች። ቀና ስትል ፊቷ የእናቴ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፊት የላትም፤ እጅ ብቻ ናት። ሊጡ እጄን ሲለቅ እሷም ትሄዳለች።

እርሾው ተስፋ በቆረጥኩበት ጠዋት ክዳኑን አንሥቶ ተነሣ። ሽታው የኮመጠጠ ፖም ይመስላል። ጋገርን። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ቀምሰው፣ «ሳዕዳ፣ ይህ ዳቦ ልጅ ነው» አሉ። እማማ ሳዕዳ ጥጉን ቆርሰው ቀስ ብለው አኘኩ። «የእናቴ አይደለም» አሉ። እንባዬ መጣ። «የአንቺ ነው። ያላ፣ በይ፣ ትሪውን ተዪው፤ ከነገ ጀምሮ ማቡኪያ ገበታው ላይ ነሽ።»

እንዲህ ሆኜ አቡኪ ሆንኩ። ዓመታቱ በምን እንዳለፉ አላውቅም፤ ሳስታውሳቸው አንድ ረጅም ጠዋት ይመስሉኛል። ኩባኔ የሚባለውን የየመናውያን የሰንበት ዳቦ እየደራረብኩ መቅባት ተማርኩ። በየፋሲካው አዲሷን ማሰሮ ራሴ አቅፌ ወይዘሮ ዶሮቲ ቤት አደርስ ነበር። የእማማ ሳዕዳ ጣቶች በቁርጥማት ተቆለመሙ፤ ወንበራቸውን በሩ ላይ አደረጉ። እኔ ግን እንዳለሁ ነበርኩ። ደንበኞች ዳቦዬን ያውቃሉ፣ ድምፄን አያውቁም።

ከዚያ ሳሉ መጣ። መጀመሪያ ዱቄት ስነፋ ብቻ ነበር፤ በኋላ ደረጃ ስወጣም ያፍነኝ ጀመር። ሐኪሟ ያለችውን ለእማማ ሳዕዳ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ እጆቼን አዩ።

«እንግዲያው እንዘጋለን» አሉ። «የእኔ ጣት አይታጠፍም፣ የአንቺ ሳንባ አይችልም። ኦርሊም ሊጥ አታውቅም።»

«ማን አሳይቶኝ ልወቅ?» አለች ኦርሊ። «እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ታቦካላችሁ፤ እኔ ምኑን አይቼ ልማር?»

እውነቷን ነበር። እማማ ሳዕዳ ያስተማሩኝ እጃቸውን እጄ ላይ ጭነው ነው። አሁን በኦርሊ እጅ ላይ የሚጫን እጅ አልነበረንም። እኔ ወደ ሊጡ መቅረብ አልችልም፣ ለመናገር ደግሞ አልተፈጠርኩም።

ወይዘሮ ዶሮቲ በዚያ ወራት ከአልጋ አይወርዱም ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በመስኮቱ ዝናብ ይታያል።

«ቃሉ ከሊጡ ሲለይ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

የትኛው ቃል አላሉኝም። «መጀመሪያ ራሷ ታቦካ ነበር። ቤቱ ሲሰፋ ሌሎች እጆች ገቡ። ስሙ ግን ከእሷ አልሄደም። በኋላ ዱቄት ነክተው ለማያውቁ ለትላልቅ ሰዎች ሚስቶች ሆነ። ከዚያ ለሴት ሁሉ ሆነ፤ ዛሬ የአውቶቡስ ሹፌር እንኳ ሲቆጣ ይጠራበታል።»

«ከሊጡ ከተለየች በምን መብት ስሙ ቀረላት?»

«ሊጡ እንዴት ይሁን የምትለው እሷ ስለነበረች ይመስለኛል።»

«መጻሕፍቱ እንደዚያ ይላሉ?»

«አይሉም። መጻሕፍቱ ስሙ መቅረቱን ብቻ ነው የሚናገሩት። ይሄኛውን የምለው እኔ ነኝ።»

«እኔ እጄን ካወጣሁ ምን ይቀርልኛል?»

«አፍሽ» አሉኝ። «ገና አዲስ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልሠራሽበትም።» ተኮሳትሬ ሳያቸው ሳቁ። እጄን ይዘውም ተኙ። ዝናቡ እስኪያባራ አልተነሣሁም።

አሁን የምሠራው ነስ ጺዮና አካባቢ ችግኝ የሚፈላበት ቦታ ነው። አየሩ እርጥብ ነው፣ ሳሉም ቀሎልኛል። አዲሱ ሥራ ዓርብ ዕረፍት ይሰጠኛል። በመጀመሪያው ዓርብ ወደ ሻዓራይም ሄድኩ። ኦርሊን፣ ከውጭ ቆሜ በቃል ላስተምርሽ ብዬ በዋዜማው ጠይቄያት ነበር፤ በስልክ መጠየቁ ራሱ በላብ አጥምቆኛል። ደንበኞች ሳምንቱን ሙሉ ዝግ በር አይተው ስለነበር፣ መከፈቱን ሲሰሙ ለሰንበት ዳቦ ብለው ተሰልፈዋል። ወደ ውስጥ አልገባሁም። ገበታው አጠገብ ያለው መስኮት ወደ መንገዱ ይከፈታል። ነጠላዬን አፍና አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ ከውጭ ቆምኩ።

«ባንክ ልትዘርፊ ነው እንዴ?» አለች ኦርሊ ከውስጥ። ቀለበቷን አውልቃለች። ሊጡ እስከ ክርኗ ተጣብቋል። «ይኸው፤ ሙጫ ሆኗል። ዱቄት ልጨምር?»

«አትጨምሪ» አልኩ።

«ምን?»

የምድጃው ማራገቢያ ይጮሃል፣ ሰልፉ ያወራል። ከኋላዬ አንዱ፣ «መስኮቱ ጋ የቆመችው ማን ናት? ሰልፉን ልትቀድም ነው?» አለ። ሌላው፣ «ዳቦው ዛሬ ይደርሳል ወይስ ለፋሲካ?» አለ። ጆሮዬ ጋለ። የሰው ሁሉ ፊት ጀርባዬ ላይ እንዳለ ይሰማኛል። ኦርሊ አንድ እጇን ወደ ጆንያው ሰደደች።

«አትጨምሪ» አልኩ፤ አሁን ጮክ ብዬ ነው። «ጣትሽን አውጪ። በመዳፍሽ ግርጌ ግፊው። እጠፊው። ሩብ አዙሪ። ይጣበቃል፣ ይጣበቅ፤ ታገሺው።»

አንድ ሰው ሳቀ። እማማ ሳዕዳ በሩ ላይ ካለው ወንበራቸው ከዘራቸውን አንሥተው መሬቱን መቱት።

«ዝም በሉ» አሉ ለሰልፉ። «እየተናገረች ነው።»

ሰልፉ ዝም አለ። ኦርሊ ቀና ብላ ጠበቀችኝ።

«እንደገና ግፊው» አልኩ።